አምስቱ ያልተፈተኑ ቀናት

አንዲት ትርሲት የምትባል መሐንዲስ ነበረች። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የደከመችው ድሃ አገርም ልትሠራው የምትችል ርካሽ ሳተላይት ለመሥራት ነበር። በመጨረሻ ለሞባይል ስልክ በሚሠሩ ዕቃዎች የጫማ ካርቶን የምታክል ሳተላይት ሠራች። ሲስቁባት የነበሩት ሰዎች አጨበጨቡላት።

ሳተላይቷ ወደ ሮኬት ማስወንጨፊያው የምትላክበት ጊዜ ሲደርስ አንድ ሥራ ቀርቶ ነበር። ባትሪው በማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ሰባት ቀን መፈተን አለበት፤ የቀራት ግን ሁለት ቀን ነው። ሮኬቱ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። ትርሲት ሁለት ቀን ፈተነችና የፈተናው ውጤት በሚመዘገብበት ወረቀት ላይ «ሰባት ቀን ተፈትኗል» ብላ ፈረመች።

ሳተላይቷ ወደ ሕዋ በወጣች በዘጠነኛው ቀን ድምጿ ጠፋ። ምክንያቱን እንዲመረምሩ የተመደቡ አጣሪዎች «የፀሐይ ጨረር ጎድቷት ይሆናል» ብለው ጉዳዩን ዘጉት። ባልደረቦቿ አጽናኗት። እሷ ግን መቀመጥ አቃታት። ምግብ ጀምራ ትነሳለች፤ ሰው እያናገራት ሐሳቧ ይሄዳል፤ ኮሪደሩ ላይ ያለ ጉዳይ ትመላለሳለች። ሐኪም ዕረፍት አዘዘላት፤ በዕረፍቱ ጭራሽ ባሰባት።

በዚህ መሐል አምስት ዩኒቨርሲቲዎች ያንኑ ንድፍ ወስደው የየራሳቸውን ሳተላይት ሊሠሩ መሆኑን ሰማች። በማግስቱ ጠዋት አለቃዋ ዶክተር መርዕድ ቢሮ ገባች።

«ባትሪው የተፈተነው ሁለት ቀን ብቻ ነው። ሰባት ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለቻቸው።

ዶክተር መርዕድ ተነስተው በሩን ዘጉ። «ይህን ሌላ ማን ያውቃል?»

«ማንም።»

«እንግዲያው ተይው። ብትናገሪ ያንቺም ስም ይጠፋል፣ ሥራውም ሊዘጋ ይችላል።»

«ዶክተር፣ ሰዎቹ እኮ ፊርማዬን አምነው ነው የሚሠሩት።»

ያን ዕለት ለአምስቱም ዩኒቨርሲቲዎች እውነቱን ጻፈችላቸው። በዚህም ምክንያት ከኃላፊነቷ እንድትነሳ ተደረገ። አብሯት ስምንት ዓመት የሠራ ባልደረባዋ ሰላምታ ነሳት። ያው ዓይነት ባትሪ እንደገና ማቀዝቀዣ ክፍል ገብቶ በአራተኛው ቀን ሞተ። መፍትሔው ባትሪውን ቅዝቃዜ በሚከላከል ስስ ጨርቅ መጠቅለል ብቻ ሆነ። የአምስቱ ዩኒቨርሲቲዎች ሳተላይቶች እስከ ዛሬ ከሕዋ መልእክት ይልካሉ፤ ስሟ ግን አንዳቸውም ላይ የለም።

ወዳጆቼ፣ በርካሽ መሥራት ብልህነት ነው። ያልሠሩትን ሠራሁ ማለት ግን ዋጋውን ለማያውቅ ሰው ማሸከም ነው። ውስጣችን አላስቀምጥ ሲለንም ሁልጊዜ ሕመም አይደለም፤ ያልተናገርነው እውነት ሊሆን ይችላል። እርስዎስ፣ ቃልዎን አምኖ ሥራ የጀመረ ሰው ካለ፣ ሳይረፍድ ሊነግሩት የሚገባ ነገር የለም?