የፒያኖ ተጫዋቿና የፀጉር ሠሪዋ ዜማ

አንድ ጥፋት አለብኝ፤ አስቀድሜ እሱን ልናገር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በማስተምርበት ትምህርት ቤት ለአንደኛ ክፍል ልጆች የፊደል መዝሙር አስተማርኩ። በወላጆች ቀን ሲዘምሩት አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ርዕሰ መምህሩ ዜማውን የደረሰው ማን እንደሆነ ሲጠይቁኝ «እኔ ነኝ» አልኩ። እኔ ግን አልነበርኩም። የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛዋ እትዬ አመልማል ጠመኔ እየቆጠሩ ሲያንጎራጉሩት ሰምቼ የወሰድኩት ነው። የተሰጠኝ የምስጋና ወረቀት እስካለፈው ወር ድረስ ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቆየ። ላወርደው የቻልኩት የሚከተለውን ታሪክ ለራሴ ደጋግሜ ከተረኩ በኋላ ነው።

አንዲት ፒያኖ ተጫዋች ነበረች። የኖረችው ከባሕር ማዶ፣ ወንዱም ሴቱም ዱቄት የተነሰነሰበት ዊግ በሚያደርግበት ዘመን ነው። ያኔ ሴት ልጅ ፒያኖ የምትማረው እስክታገባ ድረስ እንግዳ እንድታጫውትበት ነበር። ይህች ግን አግብታም አልተወችም። ሌሎች የጻፉትን ሙዚቃ አንዴ ካየችው በቂዋ ነው፤ ጣቶቿ ይሮጡበታል። የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የቤተ መንግሥቱ ፒያኖ ተጫዋች መሆን። በዚያ ወንበር ላይ ሴት ተቀምጣ አታውቅም።

ችግሯም አንድ ነበር። በዚያ ዘመን ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወቱት ሙዚቃ ወደ መጨረሻው አካባቢ ሆን ተብሎ ባዶ የተተወ ቦታ ነበረው። እዚያ ሲደረስ ኦርኬስትራው ጸጥ ይላል፤ ፒያኖ ተጫዋቹ ብቻውን ከራሱ ፈጥሮ ይጫወታል። ሲጨርስ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ድምፆችን እያፈራረቀ ያርገበግባል፤ ይህ ምልክት ነውና ኦርኬስትራው ተመልሶ ይገባል። ሴትየዋ ከራሷ መፍጠር አይሆንላትም ነበር። ባዶው ቦታ ላይ ስትደርስ ቁልፍ እንደጠፋበት ሰው በፒያኖው ላይ ወዲያና ወዲህ ትልና ቶሎ ምልክቱን ትሰጣለች።

ፀጉር ሠሪ ነበረቻት፤ ጎልማሳ፣ ጨዋታ አዋቂ ሴት። ዊጓን እያበጠረች፣ ዱቄቱን እየነሰነሰች ታንጎራጉራለች። ዜማዋ በየቀኑ አዲስ ነው። እመቤቷ ልምምዴን አበላሸሽብኝ ብላ ስትቆጣ፣ ዝም ካልኩ ዱቄቱ አይይዝም ትላታለች።

ንጉሡ ፊት የምትጫወትበት ቀን ደረሰ። ባዶው ቦታ ላይ ስትደርስ ጣቶቿ ሳታስበው ያን ዕለት ጠዋት የሰማችውን እንጉርጉሮ ያዙ። ሲያልቅ ሰዉ ሁሉ ብድግ አለ። ንጉሡ ያን ዜማ ከየት እንዳመጣችው ጠየቃት።

«ከልቤ ነው፣ ግርማዊ ሆይ።»

ንጉሡም በሚመጣው እሑድ ሌላ አዲስ ዜማ ካሰማችው ወንበሩ የእሷ እንደሚሆን ቃል ገባላት።

ሰኞ ፀጉር ሠሪዋ መጣች። አበጠረች፣ ነሰነሰች፣ ሄደች። አላንጎራጎረችም። ማክሰኞም እንዲሁ። እመቤቲቱ ተጨነቀች። ኬክ ገዝታ ጋበዘቻት፤ በላች፣ አመሰገነች፣ ዝም አለች። ዊጉ አላማረኝም እያለች ሦስት ጊዜ እንደገና አስነሰነሰችው፤ ያተረፈችው ማስነጠስ ብቻ ነው። በመጨረሻ ራሷ አንድ እንጉርጉሮ ጀመረችና ሌላዋ ትጨርሰው እንደሆነ ብላ መሃል ላይ አቆመች። ፀጉር ሠሪዋ ማበጠሪያዋን ይዛ፣ ይቀጥሉ እንጂ፣ እየሰማሁ ነው አለቻት።

ሐሙስ ዕለት አላስችል አላትና ጠየቀቻት።

«ምነው ማንጎራጎር ተውሽ?»

«ሰኞ ጠዋት ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት፣ ከተማው ሁሉ የያዘውን የራሴን ዜማ እያንጎራጎርኩ ዳቦ ልገዛ ሄድኩ። ዳቦ ጋጋሪው ‹የእመቤትሽን ዜማ ማን ሰጠሽ?› ብሎ ሰው ፊት ሳቀብኝ። እኔ ደግሞ የሰው ነገር ይዤ መዞር አልወድም፣ እመቤቴ።»

እመቤቲቱ የፒያኖውን ክዳን ዘጋች።

እሑድ ሆነ። ፀጉር ሠሪዋም ዊጉ ቢበላሽ ለማስተካከል የዱቄት ዕቃዋን ይዛ በሩ ጥግ ቆመች። ሙዚቃው ተጀመረ፤ ባዶው ቦታ ደረሰ። ቫዮሊኖቹ ዝም አሉ። ሴትየዋ ግን እጆቿን ከፒያኖው ላይ አንሥታ ቆመች።

«ግርማዊ ሆይ፣ ባለፈው ዋሽቻለሁ። ያ ዜማ በሩ ጥግ የቆመችው የፀጉር ሠሪዬ ነው።»

አዳራሹ አጉረመረመ። ንጉሡ ፊቱን አጠቆረ።

«እኔ ፊት የዋሸ ወንበሬን ይቅርና ደጄንም አይረግጥም።»

«አውቃለሁ። ሙዚቃው ግን አላለቀም፤ ቦታው ባዶ ነው። ካባረሩኝም እሷ ከሞላችው በኋላ ያባርሩኝ።»

ፀጉር ሠሪዋን ወደ ፊት አመጧት። እጇ ሥራ ካልያዘ ድምፅ እንደማይወጣላት ተናገረች። እመቤቲቱም ፒያኖው ጋ ተቀመጠችና ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰጠቻት። እዚያው ንጉሡ ፊት ማበጠር፣ መነስነስ ሆነ። መጀመሪያ ዱቄቱ መጣ፤ ቀጥሎ እንጉርጉሮው። እመቤቲቱ ከሥር ከሥሩ እየተከተለች በጣቶቿ ያዘችው። ፀጉር ሠሪዋ ስለ ምልክቱ አታውቅም፤ ዊጉ እስኪያልቅ ዜማውም አያልቅም። ቫዮሊን ተጫዋቾቹ ለመግባት ተዘጋጅተው ክንዳቸው ዛለ። ከፊት የተቀመጡት ሹማምንት ልብስ ነጣ። መለከት ነፊው ሁለት ጊዜ አስነጠሰ፤ በሁለተኛው ንጉሡን ሳቅ አመለጠው።

«በቃ፣ አምሮብዎታል» አለች ፀጉር ሠሪዋ። እመቤቲቱ ሁለቱን ድምፆች አርገበገበች፤ ኦርኬስትራውም በእፎይታ ገባ።

ሲጨርሱ ንጉሡ እንባውን እየጠረገ ወደ ፀጉር ሠሪዋ ዞረ።

«የተበደልሽው አንቺ ነሽ፤ ፍረጂ። ወንበሩን ልስጣት ወይስ ላባርራት?»

ፀጉር ሠሪዋ ማበጠሪያዋን ኪሷ ከተተች።

«ግርማዊ ሆይ፣ እኔ ጠዋት ያንጎራጎርኩትን እስከ ምሳ ድረስ እረሳዋለሁ። ይዞ የሚያቆይልኝ ጣት ያለው እሷ ጋ ነው። ወንበሩን ይስጧት። የእኔን ስም ግን ጮክ ብለው ያስጠሩልኝ፤ ዳቦ ቤት ድረስ እንዲሰማ።»

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ በተሰሙበት አዳራሽ ሁሉ አዋጅ ነጋሪው አስቀድሞ እንዲህ ይል ነበር፤ «ዜማው የሊዘል ነው፤ ጣቶቹ የቴሬዛ ናቸው።» ዳቦ ጋጋሪውም አንድ ቀን መጥቶ ከኋላ ተቀምጦ አጨበጨበ አሉ።

ከዚህ ታሪክ እኔ የተማርኩት ይህን ነው። የሰውን ሥራ የራስ ማድረግ በአንዲት አጭር መልስ ይጀምራል። የተወሰደበት ሰው ሁልጊዜ አይከስም፣ አይጣላም፤ ዝም ይላል። ዝም ሲል ደግሞ ገና ያልሰማነው ዜማ ከእሱ ጋር ይቀራል። በእናንተስ ቤት፣ በእናንተስ መሥሪያ ቤት ማንጎራጎሩን የተወ ሰው ይኖር ይሆን?

ባለፈው ቅዳሜ የምስጋና ወረቀቱን በጋዜጣ ጠቅልዬ እትዬ አመልማል ቤት ሄድኩ። ጡረታ ከወጡ ሁለት ዓመታቸው ነው። እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳቸው። እስክጨርስ ጠበቁኝና ሳቁ።

«አንቺ ልጅ፣ መውሰዱንስ ወሰድሽ፤ መጨረሻው ላይ ወደ ላይ የሚነሣውን ዝቅ አድርገሽ አበላሽተሽዋል። ጡረታ እስክወጣ ሰባት ዓመት ሙሉ በሰልፍ ሰዓት ጆሮዬን ይዤ ነበር የምሰማችሁ።»

ከዚያም ስኳር ወደ ዕቃው እየገለበጡ በትክክሉ አንጎራጎሩልኝ። እውነትም ወደ ላይ ሲነሣ ያምራል።

ያን መዝሙር የዘመራችሁ፣ ልጆቻችሁ ሲዘምሩት ሰምታችሁ እኔን ያመሰገናችሁ ሁሉ፣ ዜማው የእትዬ አመልማል ነው። ዋሽቻችኋለሁና ይቅር በሉኝ።