ድልድይ ያማረው ጉድጓድ ቆፋሪ

አንድ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበረ።

ጋሽ ሽመክት ወሬያቸውን በዚህ የጀመሩት የጎረቤታቸው ልጅ ትርሲት «ሲቪዬ ላይ የሥራ ዓላማ የሚለውን ልጻፍ ወይስ ልተወው?» ብላ ስለጠየቀቻቸው ነው። ትርሲት የኬሚስትሪ መምህርት ናት፤ አሁን በአንድ ሳሙና ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ለመሆን ልታመለክት ነው። አንዷ ጓደኛዋ «ያለሱ አያዩልሽም» ብላታለች፤ ሌላዋ «ፋሽኑ አልፎበታል» ብላታለች።

ይህ ቆፋሪ በአገሩ የውሃ ጉድጓድ የሌለው ጓሮ ስላልቀረ ሥራ ፈታ። በዚያው ወራት አንድ የወንዝ ዳር ባላባት ድልድይ የሚሠራለት ሰው እንደሚፈልግ ሰማ። የባላባቱን ድልድይ ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዙ ይወስድበታል። ቆፋሪው አንድ ጊዜ ሲወሰድ ቆሞ አይቷል፤ ግንቡ ደኅና ነበር፣ እግሩ ግን አሸዋ ላይ ነው የቆመው። በአሸዋ ሥር አለት ፈልጎ ማግኘት ደግሞ የዕድሜ ልክ ሥራው ነው። ዶማውንና ገመዱን ተሸክሞ ደጅ ሊጠና ሄደ።

የቤቱ ወግ እንዲህ ነው። ደጅ ጠኚ ዘሎ አይገባም። የበሩ አለቃ፣ አጋፋሪው፣ የያዘውን መሣሪያ ያያል፣ ቃሉን ይሰማል፣ ከዚያ ገብቶ ለባላባቱ በአጭሩ ይናገርለታል።

ከቆፋሪው ፊት አንድ ግንበኛ ቆሟል። መዶሻውን ከፍ አድርጎ አሳየ፤ ትንፍሽም አላለ። አጋፋሪው «ግንበኛ!» ብሎ አስገባው። ቀጥሎ ሌላ ግንበኛ ቀረበና «ምኞቴ በጌታዬ ጥላ ሥር አድጌ፣ ሙያዬን አዳብሬ፣ ለከፍተኛ ማዕረግ በቅቼ...» እያለ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ተናገረ። አጋፋሪው ገብቶ «ጥላ የሚፈልግ ሰው መጥቷል» አለ። «ዋርካው ሥር ይቀመጥ» ተባለ። እስካሁንም አልተነሣም ይባላል።

ቆፋሪው ይህን አየና «ለካ የሚያዋጣው ዝምታ ነው» አለ በልቡ። ተራው ሲደርስ ዶማውን ከፍ አድርጎ ዝም አለ።

«ጎሽ! የጓሮው ጉድጓድ ደርቆብን ነበር» አለ አጋፋሪው። «በኋላ በር ዙር።»

ሰውየው ጥቂት እንደሄደ እግሩ አልታዘዝ አለው። በኋላ በር ከገባ፣ እዚያው ጓሮ ቆፋሪ ሆኖ መቅረቱ ነው። ተመለሰ።

«አንተ! ጓሮው በዚህ ነው ያለህ ማነው?» አለ አጋፋሪው።

«ጌታው፣ ጉድጓድ ቆፋሪ ነኝ፤ የመጣሁት ግን የድልድያችሁን እግር አለት ላይ ላቆም ነው።»

አጋፋሪው ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ ሳይስቅ መልሶ ገጠመው። የቆፋሪው ቃል አጭር ስለነበረች ምንም ሳይጎድልባት እልፍኝ ደረሰች። ባላባቱ ከመከዳው ቀና አለ። ስንቱ ድንጋዩን ሲያሳምርለት ኖሯል፣ ስለ አሸዋው ያነሣበት ግን አልነበረም። «ይቆፍር!» አለ።

በጋውን ሙሉ ቆፈረና አለቱን አገኘ፤ ያ ዝምተኛ ግንበኛ በላዩ ገነባበት። ክረምት ሲገባ ወንዙ ዛፍ ነቅሎ፣ ቋጥኝ አንከባሎ መጣ። ድልድዩ ዘንድ ደረሰ፣ አጓራ፣ ከዚያ በሥሩ ሹልክ ብሎ ሄደ። አገሩ በእልልታ ቀለጠ። ባላባቱ በቅሎውን ገታና ቆፋሪውን አስቀደመው። ሰውየው ዶማውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ሳይቸኩል፣ መሐል ለመሐል ተሻገረ። ማዶ የቆመው አጋፋሪም ድምፁን ከፍ አድርጎ «ድልድይ ሠሪው!» ሲል ጠራው።

ጋሽ ሽመክት ወደ ትርሲት ዞሩ።

«ሲቪሽን የሚያየው ሰው አጋፋሪው ነው፣ ልጄ። መዶሻ ይዘሽ ግንብ የምትለምኚ ብትሆኚ ዝም በይ እልሽ ነበር፤ መዶሻው ይናገርልሻል። አንቺ ግን ጠመኔ ይዘሽ ሳሙና ፋብሪካ በር ላይ ነው የቆምሽው። ዝም ካልሽ በኋላ በር ዙሪ ይሉሻል። ስለዚህ ጻፊ። አንዲት ዓረፍተ ነገር፤ እሷም አንቺ ለፋብሪካው የምታደርጊለትን የምትናገር ትሁን።»

«‹በሙያዬ ማደግ እሻለሁ› የሚለውንስ፣ ጋሼ? ጽፌዋለሁ እኮ።»

«እሱን ለዋርካው ተይለት።»