ለተራራው ዋስ የሆነው ጭቃ ሹም

ተረት ተረት!

— ንገሪን ከሥረ መሠረት።

እንዲህ ጮክ በሉ እንጂ፣ እንቅልፋም ሁሉ። ያ ከኋላ የተጋደመው ደግሞ ቀና ይበል፤ የዛሬው ተኝተው የሚሰሙት አይደለም።

በድሮ ዘመን በአንድ ትልቅ ተራራ ሥር አንድ መንደር ነበረ። ተራራው ሆዱ ውስጥ እሳት አለው ይባላል፤ እሳቱን ያየ ሰው ግን በሕይወት የለም። ሰዉም ተራራውን «አያ ዝምታ» ይለዋል። በስም የሚደለል መስሏቸው ነው።

የመንደሩ ጭቃ ሹም ወንዳየሁ ይባላል። በፊቱ ሁሉም አንቱ ይለዋል፤ እኔ ግን ተረቱ የእኔ ነውና አንቱ አልለውም።

በዚያው መንደር ማንጠግቦሽ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ጓንጉል ከዛፍ ወድቆ ጭኑ ተሰብሮ፣ ወጌሻ አስሮለት ተኝቷል። አንድ ቀን ማንጠግቦሽ ውሃ ልትቀዳ ወረደችና ምንጩን ለብ ብሎ አገኘችው። በማግስቱ ጨርሶ እጇን አቃጠላት። ከዚያም አየሩ ድኝ ድኝ ሸተተ። ከዚያም መሬቱ እየተንቀጠቀጠ ዕቃው ከቆጥ ይረግፍ ጀመር። ፍየሎቹም ወደ ተራራው አንወጣም አሉ።

ማንጠግቦሽ ፈራች። እንዴት አትፈራ? የሚሮጥ ይሮጣል፤ ጓንጉል ግን አይሮጥም። እሱን ከመንደሩ በታች ያለውን ወንዝ ለማሻገር ቃሬዛ የሚይዙ አራት ወንዶች ያስፈልጋሉ። ጎረቤቶቿን ብትለምን፣ ሽማግሌዎች ካላዘዙ አንሸከምም አሏት። ጤፉ ደርሷል፤ አጨዳውን ጥሎ ማን ይሄዳል?

ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡና ያየችውን ሁሉ ነገረቻቸው። የሁሉም ታላቅ አባ ገረመው ጢማቸውን እያሻሹ፦ «የሚፈነዳው መቼ ነው?» አሏት።

እሷም፦ «ቀኑን አላውቅም አባቴ። ላይፈነዳም ይችላል። ነገር ግን ካለመፈንዳቱ መፈንዳቱ ያመዝናል» አለች።

«ቀኑን ካላወቅሽ ታዲያ ምኑን አወቅሽው?»

ሰዉ ሳቀባት። እሷም፦ «የደረሰች ላም ቀኗን ነግራን ታውቃለች? ግን ሆዷን አይተን ከደጅ አናርቃትም» አለች። ሽማግሌዎቹ አያ ዝምታን ከላም ጋር አመሳሰለች ብለው ተቆጡ።

ይኼኔ ወንዳየሁ ተነሣ። ሰዉ ጤፉን ጥሎ ከሄደ እሱ ከአውድማው የሚያሰፍረው ግብር አይኖርም፤ ነገሩ ይኸው ነው። እሱ ግን እንዲህ አላለም። አያ ዝምታ ከቅድመ አያት ጀምሮ ጎረቤታችን ነው፣ ክፉ ቢሆን እስከ ዛሬ እናውቀው ነበር፣ የጎረቤት ስም ማጥፋት ነውር ነው አለ። ከዚያም ደረቱን ነፍቶ፦ «አይፈነዳም። እኔ ዋስ ነኝ» አለ።

ሽማግሌዎቹ እፎይ አሉ። ዋስ ከተገኘ ሌላ ምን ይፈለጋል? ደግሞም ሽማግሌ ናቸውና ማንንም አስከፍተው አይሸኙም። ይፈነዳል ያለችውም፣ አይፈነዳም ያለውም እንዳያፍሩ ከመሃል ቆረጡት። ተራራው ይጭስ፣ ግን አይፈንዳ ብለው ፈረዱ። ተራራውን የጠየቀው የለም።

ማንጠግቦሽ አልጮኸችም። እጅ ነሥታ፦ «ዋስ ካለ ጥሩ ነው። እንግዲያው እንደ ወጋችን ዋሱ ከባሌ ጋር ይቆራኝልኝ» አለች። በዚያ ዘመን ነገሩ እስኪለይ ድረስ ዋሱን ከባለጉዳዩ ጋር ልብስ ለልብስ ቋጥረው ያቆራኙት ነበር። ያለ ሽማግሌ ቋጠሮውን የፈታ ሹም ሹመቱን ያጣል። ወንዳየሁ እምቢ እንዳይል ሰዉ ሁሉ ያየዋል። የኩታውን ጫፍ ከጓንጉል ጋቢ ጋር ቋጠሩና አልጋው አጠገብ አስቀመጡት።

በማግስቱ ጠዋት አያ ዝምታ ጭስ አወጣ። ሴቱ እልል አለ። ተራራው እንኳ ለሽማግሌ ፍርድ ታዘዘ ተባለ።

እኩለ ቀን ሲሆን መሬቱ አጓራ። የተራራው አናት ተተረተረና እሳቱ ወጣ። ዐመዱ ፀሐይዋን ሸፈናት። ሰዉ ልጁን አቅፎ፣ ከብቱን እየነዳ ወደ ወንዙ ሮጠ። ወንዳየሁም ብድግ ቢል ኩታው ጎተተውና በቂጡ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ መጥተው ይፍቱኝ ብሎ ተጣራ። ከየት ይመጣሉ? ጭስ ይበቃል ብለው የፈረዱት ሽማግሌዎች ከብቶቻቸውን ገና ትናንት ወንዝ አሻግረዋል። ዛሬም ከሁሉ ቀድመው የተሻገሩት እነሱ ናቸው።

ወንዳየሁ እጁን ወደ ቋጠሮው ሰደደ። ማንጠግቦሽ በሩ ላይ ቆማ፦ «ይፍቱት። መንገድ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ያይዎታል» አለችው።

እሳቱን አየ። ቋጠሮውን አየ። ሹመት ክፉ ነው ልጆቼ። ሰውየው መቃጠልን ፈራ፤ መሻርን ግን የበለጠ ፈራ። ስለዚህ ጓንጉልን አዘለው። ያን ግዙፍ ገበሬ እንደ ሕፃን አዝሎ እየተንገዳገደ፣ እያማረረ ሮጠ። ማንጠግቦሽም የተሰበረውን እግር ደግፋ ከጎኑ ሮጠች። ወንዙን ሲሻገሩ መንደሩ ከኋላቸው ነደደ። ጤፉም ነደደ። እኔ እስከ ዛሬ ያ ጤፍ ያሳዝነኛል፤ የዓመት ልፋት ነው።

ሽማግሌዎቹ ከማዶ ኮረብታ ላይ ተቀምጠው ጠበቋቸው። ጭቃ ሹማችን ሰው አድኖ መጣ ብለው መረቁት። ስለ ፍርዳቸው ያነሣ የለም። ከዚያም አባ ገረመው ማንጠግቦሽን፣ እሳቱ መቼ ይቆማል፣ መቼስ እንመለሳለን ብለው ጠየቋት። እሷም አላውቅም፣ ዛሬ ነገ ከመቆሙ ግን መቀጠሉ ያመዝናል አለች።

አባ ገረመው አሁንም ቀኑን አታውቀውም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ወንዳየሁ ዞሩ። ወንዳየሁ ገና ትንፋሹ አልተመለሰም። ግን ሰው ሁሉ እያየው ነው። ደረቱን ነፋና፦ «ነገ ይቆማል። እኔ ዋስ ነኝ» አለ።

ሽማግሌዎቹ እፎይ አሉ። አባ ገረመውም ጎንበስ ብለው ቋጠሮውን ሊፈቱ እጃቸውን ዘረጉ። ጓንጉል ግን ጋቢውን ወደ ራሱ ሰበሰበና፦

«ይተዉት አባቴ፣ አይፈታ» አለ። «ነገም የሚሸከመኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

በሉ፣ እኔ ተረቴን አጎረስኳችሁ፤ ዳቦ አጉርሱኝ በተራችሁ።