የተራበችው መሬት

አንድ ጊዜ፣ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ በጨረሰው ተዳፋት ላይ፣ እማማ አህዪትና አቶ ቀበሮ ጎን ለጎን ያርሱ ነበር። ማሳቸው ድንጋዩ አግጥጦ፣ የሚያጭዱት ገብስ የዘሩትን ያህል እንኳ አልሞላ አላቸው።

እማማ አህዪት «መሬቴ ተርባለች፤ ላበላት ይገባል» አለችና ጉድጓድ ቆፈረች። ፍጉን፣ አመዱን፣ ገለባውንና ቅጠሉን እያጋዘች ሞላችው፤ ውሃ አርከፍክፋ በሣር ሸፈነችው። ተብላልቶ ብስባሽ እስኪሆን ደግሞ ድንጋይ እየለቀመች ጎርፉን የሚያቆም እርከን መሥራት ጀመረች።

አቶ ቀበሮ ጥላ ስር ተጋድሞ ያያታል። ብስባሹን ፈለገው፤ መሸከሙን ግን አልፈለገም። ስለዚህ ወደ አያ ጅቦ ሄደ።

«አያ ጅቦ፣ ሰማህ? እማማ አህዪት መሬቷን እያበላች ነው።»

«እኔ ጦሜን እያደርኩ መሬት ይበላል?» አለ አያ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ።

«ያውም ትኩስ ትኩሱን! ጉድጓዱ ሲጨስ በዓይኔ አይቻለሁ። ጣፋጩ ግን ከታች ነው፤ የላዩን እያነሳህ ወደኔ ማሳ ወርውረው።»

እማማ አህዪት ውሃ ልትቀዳ ወንዝ ስትወርድ አያ ጅቦ ጉድጓዱ ውስጥ ዘለለ። ሽታው አፍንጫውን ሲመታው «ይሄማ የበሰለ ነው!» ብሎ ተደሰተ። ቆፈረ፣ ወረወረ፣ ቆፈረ፣ ወረወረ። መጨረሻ ላይ ያገኘው ጭቃ ብቻ ነበር።

እማማ አህዪት ተመልሳ ባዶውን ጉድጓድ ስታይ እንስራዋን አስቀምጣ ሮጠች።

«ምነው አያ ጅቦ? የዓመት ቀለቤን እኮ ነው የበተንከው!» ብላ አለቀሰች።

«አቶ ቀበሮ ምግብ ነው ብሎኝ ነው» አለ አያ ጅቦ፣ ፊቱ ሁሉ ፍግ እንደሆነ።

«ምግብማ ነበር፤ የመሬት ምግብ። መሬት ስትበላ ገብስ ትሰጣለች፤ ገብሱ ገንፎ ይሆናል።»

«ገንፎ? ቅቤ አለው?»

«ካገዝከኝ ይኖረዋል።»

አያ ጅቦ ወዲያው ትልቁን ድንጋይ ተሸከመ።

አቶ ቀበሮ በተሰረቀው ብስባሽ ላይ ገብሱን ዘርቶ እየዘፈነ ክረምቱን ጠበቀ። ዝናቡ መጣ። በእሱ ማሳ ላይ የሚያቆመው ነገር ስላልነበረ ብስባሹንም ዘሩንም ጠራርጎ ወንዝ ከተተው። በእማማ አህዪት ማሳ ግን ውሃው እርከኑ ጋ እየቆመ ሰረገ፤ አፈሩም እዚያው ቀረ። ብስባሹ ስለተወሰደባቸው በዚያ ዓመት በገብስ ፋንታ ከዘሩት ባቄላ ያገኙት ጥቂት ብቻ ነበር። አያ ጅቦ እያጉረመረመ በላ፤ እያጉረመረመም አዲስ ፍግ አጋዘ። በቀጣዩ ዓመት ገብሱ ከእማማ አህዪት ጆሮ በላይ አደገ።

አቶ ቀበሮ የጎድን አጥንቱ እስኪቆጠር ከስቶ ደጇ ቆመ።

«እማማ፣ አጥፍቻለሁ። ትንሽ ገብስ ስጪኝ።»

«ለዛሬው ብላ» አለችና ገንፎ አቀረበችለት። «ለከርሞው ግን ይኸው ቅርጫቱ።»

አቶ ቀበሮ በአንድ እጁ አፍንጫውን ይዞ፣ በሌላው ፍግ ተሸክሞ ወደ ማሳው ሲመላለስ ከረመ፤ እርከንም ሠራ። ቡቃያው ብቅ ያለ ዕለት አያ ጅቦ ሳያይ በማሳው ሊያቋርጥ ሲል አቶ ቀበሮ እንደ እብድ ጮኸ፦

«እግርህን! እግርህን አንሳ! እዚህ አፈር ላይ ወገቤ ነው ያለቀው!»

ከዚህ የምንማረው በሰረቁት ልፋት ማሳ እንደማይለማ፣ መሬትም የምታበላው አፈሯን ጠብቆ ያበላትን እንደሆነ ነው።