የአትጠገብ መቀመጫ

ደምለው የገዛ እህቱን አትጠገብን ውሃ ከልክሎ በደላት። ዛሬ ከሸንበቆ ማርያም ቁልቁል ሲወረድ የሚገኘው ምንጭም፣ አጠገቡ ያለው «የአትጠገብ መቀመጫ» የሚባለው ጠፍጣፋ ድንጋይም ከዚያ በደል የመጡ ናቸው ይባላል። እዚያ ውሃ ሊቀዳ የወረደ ሰው ጀሪካኑን አስቀምጦ ድንጋዩ ላይ አረፍ ይላል፤ ውሃው ከአለቱ ስር ሲንቆረቆር እስኪሰማው ድረስም ትንፍሽ አይልም። ስልኳን ከጆሮዋ የማታነሳ ወሬኛ እንኳ እዚያ ስትደርስ ጭጭ ትላለች።

እንደሚነገረው፣ አባታቸው ሲሞት ደምለው ምንጭ ያለበትን መስክ ወሰደ፤ ለአትጠገብ ከላይ ያለው ጭንጫ ደረሳት፤ ውሃውን ግን በጋራ ሊቀዱ በሽማግሌ ፊት ተማምለው ነበር። የሽማግሌዎቹ እግር ከደጁ ሳይርቅ ደምለው መስኩን በእሾህ አጠረው። ገንቦዋን አዝላ ብትመጣ፣ ካጥሩ ማዶ ቆሞ፣ «እግዜርን ለምኚው እንጂ! ቀኑን ሙሉ የምትጨቀጭቂው እሱን አይደል?» አላት። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ውሃ ያጣች ሴት መሬቱን ጥላ ትሄዳለች፣ ጭንጫውም የእሱ ይሆናል።

እውነትም አትጠገብ እግዜርን ትጨቀጭቅ ነበር። ቅዳሴ ላይ እግሯ አያርፍም፤ ዛሬ ለገብርኤል ትሳላለች፣ ነገ ገብርኤል ዘገየብኝ ብላ ወደ ጊዮርጊስ ትሮጣለች። እየፈጨችም እየኮተኮተችም ዳኛ ፊት እንደቆመ ተሟጋች ክሷን ትደረድራለች፤ መልሱን ሳትጠብቅ ወደሚቀጥለው ክስ ታልፋለች። በጋው ገፋ፣ ላሟም ነጠፈች። ጨነቃትና ወደ ንስሐ አባቷ ወደ መምሬ ክንፈ ሄደች።

«አባቴ፣ ስግደት ይስጡኝ። ሱባኤም ልግባ። የፈለጉትን ይዘዙኝ!»

«ስግደትማ ለአንቺ ጨዋታ ነው፤ መንቀሳቀስ ትወጃለሽ። ጭንጫሽ ላይ ውጪና ቁጭ በይ። በየቀኑ የሰርክ ደወል እስኪደወል አንዲት ቃል እንዳትወጣሽ።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልጸልይ?»

«ምንም። እስካሁን ያልሽው ሁሉ ደርሶታል፤ እሱም ተራ ይፈልጋል።»

በመጀመሪያው ቀን ዶሮ ላባርር ብላ ተነሳች። በማግስቱ አፏን በነጠላዋ ጫፍ አሰረች፤ ውስጧ ግን የደምለው ስም እንደ ተርብ ይዞራል። ተቀመጠች፣ ተነሳች፣ መልሳ ተቀመጠች። «ሰውዬው እኔን ሊገላግሉ ሳይሆን ከእኔ ሊገላገሉ ነው» እያለች በልቧ መምሬን አማች። አንድ ቀን ግን ደክሟት ይሁን ክሱ አልቆባት፣ ውስጧም ዝም አለ። ያኔ ከተቀመጠችበት ድንጋይ ስር አንድ ነገር ሲያንሾካሹክ ሰማች። ጆሮዋን ለጠፈችበት፤ ውሃ ነው። በስሟ የጠራት የለም፣ ሰማይም አልተከፈተም፤ እሷ ግን ማን እንደመለሰላት አልጠፋትም። ያን ያህል ጊዜ ጭንጫዋ ላይ ቆማ ስትጮህ፣ እሱ እግሯ ስር ሲመልስላት ኖሯል። ሮጣ ለደምለው ልትነግረው ብድግ አለች፤ ደወሉ ግን ገና ነበርና እንደ ምንም ብላ መልሳ ተቀመጠች።

ቆፈረች፣ ውሃውም ወጣ። በቀጣዩ ክረምት ደግሞ ናዳ ወርዶ የደምለውን ምንጭ ደፈነው ይባላል። ያ ኩሩ ሰው ገንቦ በገዛ ትከሻው ተሸክሞ ሽቅብ ሲወጣ ያየ ጎረቤት ሁሉ ሥራውን ጥሎ ተከተለው።

«ዛሬ ምላሷን ይቀምሳታል!» አለች አንዷ።

«እስቲ ዝም በይ፣ እንዳያመልጠን!»

አትጠገብም ስድቡን አዘጋጅታ ነበር፤ ስንት ሌሊት ስታሳምረው ያደረች ስድብ ነው። ደምለው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ከፊቷ ቆመ። አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ውሃው እስኪሰማት ቆየች። ሰዉ እግሩን አቀያየረ፣ አንዱ ሳል አፈነ። ከዚያ ፈቀቅ ብላ ለወንድሟ ቦታ ለቀቀችለት።

ዛሬም ለምንጩ እንግዳ የሆነ ሰው ሲመጣ፣ ቀድሞ የደረሰው ፈቀቅ ይልለትና አትጠገብ ያን ቀን የተናገረችውን ቃል፣ ስሙን እንኳ ሳይለውጥ፣ ለሴትም ለወንድም እንዳለ ይነግረዋል፦

«ቁጭ በል፣ ደምለው። እኔ ዝም ብያለሁ፤ አንተም ዝም በል። ስትሰማው ያንተም ነው።»