ትህትና የጎደለው ኢሜይል

አቶ መኩሪያው የተባሉ ሥራ አስኪያጅ የመዝገብ ቤቷን ሠራተኛ በደሏት። ቧንቧ ፈንድቶባት «ውሃ መዝገብ ቤት እየገባ ነው። ቶሎ ሰው ይላኩልኝ።» ብላ ኢሜይል ጻፈችላቸው። እሳቸውም «ሰላምታ የለ፣ ክቡር የለ! አለቃ እንዲህ ይታዘዛል?! አስተካክለሽ ጻፊ!!!» ሲሉ መለሱላት። አስተካክላ ላከች። ውሃው ግን እስከዚያ ፋይሉን ሁሉ አበስብሶት ነበር።

በማግስቱ በሠራተኛው ሁሉ ፊት አቁመው፣ «አንቺ ሴትዮ፣ በጊዜ ባለማሳወቅሽ ከሥራ ትሰናበቻለሽ። የምትይው አለሽ?» አሏት።

«አለኝ እንጂ ጌታዬ» አለች። «‹ሰው ይላኩልኝ› ስል ውሃው ገና ጫማዬን ነበር የነካው። ‹ለክቡር ሥራ አስኪያጅ› ብዬ ስጀምር ጉልበቴ ደረሰ። ‹ከታላቅ አክብሮት ጋር› ብዬ የጨረስኩት ወንበር ላይ ቆሜ ነው። ያን ሁሉ ቃለ አጋኖ እኔ ላይ ባይጨርሱት ኖሮ፣ አንዷ እንኳ ለቧንቧ ሠራተኛው ትተርፍ ነበር።»