ለእናቱ የማይከብደው ልጅ

አንዲት የማር ነጋዴ በገደል አፋፍ ላይ በተቆረቆረች ትንሽ ከተማ ትኖር ነበር። ስሟ የሻሽወርቅ ይባላል። ይህች ሴት ሚዛን አያስፈልጋትም ይሉላታል። ማር የሞላ ቅል አንሥታ አንዴ ወዝወዝ ካደረገችው፣ ምን ያህል እንደሚመዝንም ሆነ ውኃ እንደተቀላቀለበት በእጇ ታውቃለች። አጭበርባሪ ሁሉ እሷን ሲያይ መንገድ ይቀይራል።

ባሏ የሞተው ልጃቸው ሳይወለድ ነው። ሲወለድ ቢያድግልኝ አለችው። ከአራስ ቤት እንደወጣች አንጓች የምትባል ልጃገረድ ከገጠር አስመጥታ ሞግዚት ቀጠረችለትና ወደ ገበያዋ ተመለሰች። ሕፃኑ ሳይነቃ ትወጣለች፤ ከተኛ በኋላ ትገባለች። «የምለፋው ለእሱ አይደል?» ትላለች። እውነቷንም ነበር። አንጓችም ክፉ አልነበረችም። አጥባና አብልታ፣ በአንቀልባ አዝላ እሹሩሩ ስትለው ትውላለች።

ልጁ ድክ ድክ ማለት ከጀመረ በኋላ አንድ ቀን በዓል ሆኖ ገበያ አልነበረም። የሻሽወርቅ ልጇን ልታቅፍ ጎንበስ ብላ ብድግ ስታደርገው፣ ሙሉ ነው ብሎ ባዶ ቅል እንዳነሣ ሰው እጇ ወደ ላይ ተፈናጠረ። ልጁ ምንም አይመዝንም።

«አንቺ! ይሄ ልጅ አይበላም እንዴ?»

«ኧረ እትዬ፣ ምን ይላሉ!» አንጓች ሳቀች። «ወገቤን ሊቆርጠው ነው እኮ! ጥጃ ነው የወለዱት።»

ተቀብላ ስታዝለው ጉልበቷ እጥፍ አለ። የሻሽወርቅ ግን አልሳቀችም። አንጓች ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ልጁን ወሰደችና፣ የማያምኗት ገዢዎች ሲመጡ በምታወጣው ሚዛን ላይ አስቀመጠችው። ሰሃኑ ዷ ብሎ ከመሬት ተጋጨ። ልጁ ይመዝናል። የማይመዝነው በእሷ እጅ ላይ ብቻ ነው።

ለማንም አልተናገረችም። ከዚያ ወዲህ ግን ልጁን ታስተውለው ጀመር። ጭኗ ላይ ሲቀመጥ ቀሚሷ አይጨማደድም። ዝናብ ጥሎ ባደረ ጠዋት በጭቃው ግቢ ወደ አንጓች ሲሮጥ ትንንሽ ዱካዎቹ ጠለቅ ብለው ይታተማሉ፤ እሷ ጠርታው ሲመጣ ግን ጭቃው እንደነበረ ነው። አያለቅስባትም፤ አይስቅላትምም። ቤቱ ያደረ እንግዳን እንደሚያይ አባወራ በትሕትና ያያታል።

ፈራች። በፈራች ቁጥርም ከገበያ አምሽታ መግባት አበዛች።

እንዲህ እያለ የአንጓች እናት መታመሟ ተሰማ።

«አትሂጂብኝ፣ ደሞዝሽን እጨምርልሻለሁ» አለቻት የሻሽወርቅ።

«እትዬ፣ እኔም እኮ እናት አለችኝ።»

በማግስቱ ማለዳ አንጓች ነጠላዋን አደግድጋ መንገድ ጀመረች። የከተማዋ መንገድ አፋፉ ላይ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ገበያ፣ ሌላው ወደ ቆላ ይወርዳል። የአንጓች አገር ቆላ ነው።

የሻሽወርቅ ያን ዕለት ከገበያ መቅረት አልሆነላትም። ማሩን በአህያ ጭና፣ ልጇን በአንቀልባ አዝላ ወጣች። ጉም ከገደሉ ሥር ተነሥቶ መንገዱን ሸፍኖታል። «ዛሬ ከእኔ ጋር ነህ፣ እሺ?» እያለች ታወራዋለች። አይመልስም። ድሮም አይመልስላትም።

ገበያ ስትደርስ አንዲት ቅቤ ሻጭ አይታት ሳቀች። «እት የሻሽ፣ ባዶ አንቀልባ ምን አሳዘለሽ? ለማሩ ነው እንዴ?»

እጇን ወደ ኋላ ሰደደች። አንቀልባው ባዶ ነው። መቼ እንደወጣ፣ የት እንደቀረ ጀርባዋ አልነገራትም።

አህያዋን ጥላ ሮጠች። መገንጠያው ላይ በጭቃው ትንንሽ ዱካዎች አየች፤ ጠለቅ ጠለቅ ያሉ ናቸው፤ ወደ ቆላ ይሄዳሉ። ተከትላቸው ስትሮጥ ልጇን ጉሙ መሐል አገኘችው። የገደሉ ጫፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያያል።

«ቢያድግልኝ!»

ዞር አለ። መንገደኛ እንደሚያይ አያትና ፊቱን መልሶ ወደ ገደሉ አዞረ። ዘልላ እጁን ያዘችው። እንደያዘችው ዓይኗ ያያል፤ መዳፏ ግን ምንም አልጨበጠም። ከገደሉ የሚነሣው ነፋስ ሸሚዙን ሲነፋው እግሮቹ ከመሬት ለቀቅ አሉ።

ጭራሮ የተሸከመች አሮጊት ከጉሙ ውስጥ ወጣች።

«እማማ፣ በማርያም! ይያዙልኝ! በእጄ አልጨበጥ አለኝ!»

«እኔ ከያዝኩትማ ለእኔ ነው የሚከብደው» አለች አሮጊቷ ቆም ሳትል። «ላንቺ መቼ ሊከብድሽ ነው?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ተሸከሚዋ።»

«ክብደት የለውም እኮ!»

«የሌለውን ተሸከሚ፣ ልጄ። እስኪኖረው ድረስ።»

ጉሙ መልሶ ዋጣት።

የሻሽወርቅ አንቀልባውን በልጁ ዙሪያ ጠምጥማ ከጀርባዋ ጋር ጠፈረችው። እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ፣ በየእርምጃው ዞር ብላ እያየችው ቤቷ ገባች።

ከዚያ በኋላ ገበያ መውጣቱን ስለተወች ደንበኞቿን ሌላ ነጋዴ ወሰዳቸው። እሷ ነጋ ጠባ ልጇን አዘለች። እሹሩሩ ስለማታውቅ የገበያ ጥሪዋን በዜማ አደረገችለት፤ «ነጭ ማር፣ ጥሩ ማር» እያለች ታባብለዋለች። ልጁ አንጓችን እየጠበቀ በር በሩን ሲያይም አታወርደውም። ጀርባዋ እንደባዶ ሆኖ ሰነበተ።

አንድ ቀን ልጁን አተኮሰው። አንገቷ ላይ አስታወከባት። ትከሻዋን ነከሳት። ከዚያም ለመጀመሪያ ጊዜ እሷ ላይ ተጠምጥሞ እሪ ብሎ አለቀሰ። ያኔ ጠጠር የምታህል ነገር ጀርባዋን ጫን አደረገቻት። ቀን በቀን ጠጠሯ ድንጋይ አከለች። ክረምቱ ሲወጣ የሻሽወርቅ ወገቧን ይዛ ታቃስት ጀመር።

«ምነው እት የሻሽ፣ ጎበጥሽሳ?» አለቻት ጎረቤቷ።

«ከበደኝ!» አለች እንባዋ እየወረደ። «ልጄ ከበደኝ!»

አንጓች እናቷ ስትድንላት ተመለሰች። እንደገባች እጇን ዘረጋች። «ያምጡት እትዬ፣ ደክሞዎታል።»

የሻሽወርቅ አቅፋ ሳመቻት። «እንኳን መጣሽልኝ። ነገ ገበያ እወጣለሁ፤ እስክመለስ አንቺ አለሽለት፣ ስመለስ ግን የእኔ ተራ ነው። አደራሽን፣ ሳልመጣ እንዳታስተኚው።»

ረዳት መቅጠር ነውር አይደለም፤ ለልጅ እንጀራ ፍለጋ መውጣትም ነውር አይደለም። ልብሱን ሌላ ሰው ይጠብልን፣ ወጡንም ይሥራልን። ልጅ ግን የሚከብደው ለተሸከመው ነው። ያልከበደንን ደግሞ ከጀርባችን ሲወርድ አናውቅም።

እስቲ እናንተም ዛሬ ሳይተኛ ቤታችሁ ግቡና ልጃችሁን ብድግ አድርጉት። ከበዳችሁ?